ወራጅ አለ

ለልጄ ለፈይሩዝ፣

አሰላሙ ዓለይኩም፣ አካም ጂርታ የኔ ዓለም? አላህ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ያቁምልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የጨፋው ማሽላ ዘንድሮ አምሮበታል፤ ወንድምሽ አንዋርም ባጃጁን አሠርቷል።

ሐሙስ ከዙሁር እስከ መግሪብ ስልክሽ ዝግ ሲሆንብኝ ያልሆንኩት የለም። በኋላ ደውለሽ፣ ሪያድ አውቶቡስ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ብለሽ ብትጮኺ ሹፌሩ ዝም ብሎ እንዳለፈ ስትነግሪኝ ደሜ ፈላ። ጩኸትሽን ሰምታ ከኋላ ወንበር አንዲት የባቲ ሴት «አብሽሪ እህቴ» ብላ እንደተነሳች፣ አብራሽም ወርዳ ቤትሽ ድረስ እንዳደረሰችሽ ስሰማ ግን እዚያው ሱጁድ አደረግሁ። አውቶቡስ ቀይ ቁልፍ ሲጫኑ እንደሚቆም ማን ያውቃል? እኛ ጋ ቁልፉ ጉሮሮ ነው። አሁን ለመድሽው፤ እኔም እፎይ አልኩ።

ለዚያች ሴት ከሶላት በኋላ ሁሌ ዱዓ አደርጋለሁ። አላህ አንቺንም በሰላም ይመልስሽ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ኢንሻአላህ ስትመጪ ከአዲስ አበባ የምትሳፈሪው የደሴውን አውቶቡስ ነው፤ ከሚሴ ስትደርሺ እንቅልፍ እንዳይወስድሽ። እዚህ ቁልፍ የለም። ጮክ ብለሽ «ወራጅ አለ!» በይ። እኔ አስፋልቱ ዳር ቆሜ እሰማሻለሁ።

እናትሽ ዓፊያ