በፈረስ ሥዕል የተለወጠ ደም

ለክቡር ሚስተር ዴልበርት ሃርጊስ
የኬትል ወረዳ የሲቪል መከላከያ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ የሃርጊስ የቤት ዕቃዎች መደብር ባለቤት፣ የዘንድሮው የመከር ትርዒት የበላይ ጠባቂ፤
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለተከበረው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። ምኞቴ የወግ ብቻ እንዳይመስልብኝ፣ ድንገት ሆስፒታል የሚያስገባ ነገር ቢያጋጥምዎ ወደ ሰውነትዎ የሚገባው ደም በእውነት የእርስዎ ዓይነት ደም እንዲሆን ጨምሬ እመኛለሁ። ባለፈው ወር እንዲህ ብዬ ብጽፍልዎ አእምሮው የተነካ ሰው ይሉኝ ነበር። ዛሬ ግን በዚህ ወረዳ ከዚህ የሚበልጥ መልካም ምኞት የለም፤ ለዚህ ያበቁን እርስዎ ስለሆኑ የመጀመሪያው ተመኚ መሆን ይገባኛል ብዬ ነው።

በጋዜጣ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። በግል ጽፌልዎ ነበር፤ መልስ ሆኖ የደረሰኝ ግን የመደብርዎ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያው በጣም ያማረ ነበርና ላመሰግንዎ እወዳለሁ። እንግዲህ አቤቱታዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ዋጋ። ዓምና በትርዒቱ ሜዳ አሥራ አምስት ሳንቲም የነበረው ሃምበርገር ዘንድሮ ሃያ አምስት ገብቷል፤ በዳቦው ውስጥ ያለው ሥጋ ደግሞ ፈላጊ የሚያስቀጥር ሆኗል። ይህን በእርስዎ ላይ አላላክክም፤ ኮሪያ ውስጥ ጦርነት አለ፣ የከብት ዋጋ ንሯል፣ ሚስቶቻችን ከሥጋ ሻጩ ፊት ቆመው ቦርሳቸውን ከፍተው ተመልሰው ይዘጋሉ። በዚህ ሁሉ መካከል ከዓመት ዓመት ዋጋው የሚወርደው የእርስዎ ቴሌቪዥን ብቻ ስለሆነ፣ ባለቤቴ ባለፈው ቅዳሜ "እንግዲያው ቴሌቪዥኑን ገዝተን እሱኑ እንቀቅለው" ብላለች።

ሁለተኛ፤ ስለ ክሊንት ካልሁን። በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ሽጉጥ የሚተኩሰው ይህ ካውቦይ ብሌዝ ከተባለው ነጭ ፈረሱ ጋር በአካል ወደ ትርዒታችን እንዲመጣ ማድረግዎ ታላቅ ውለታ ነው። መግቢያው ለአንድ ልጅ ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ሦስት ልጆች ያሉት የፋብሪካ ሠራተኛ ለዚህ ምን ያህል ሰዓት እንደሚሠራ እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ፤ ከመደብርዎ በዱቤ የሚገዛው እሱ ነውና። ሆኖም በርኅራኄዎ ሌላ መንገድ ከፍተዋል። በነጩ ድንኳን ያለፈ ልጅ ሁሉ ካውቦዩን በነፃ፣ ያውም ከፊት ወንበር ተቀምጦ እንደሚያይ በድምፅ ማጉያ አስነገሩ። ሰልፉ ከድንኳኑ ተነሥቶ የአሳማዎቹን በረት ዞሮ እስከ ኬክ ውድድሩ ጠረጴዛ ደረሰ።

ሦስተኛ፤ ስለ ነጩ ድንኳን።

በሌላ ከተማ የሚኖር አንባቢ ይህን ጋዜጣ ቢያገኝ እንዳይደናገር፣ በድንኳኑ ውስጥ ይደረግ የነበረውን ባጭሩ ልግለጽ። በመጀመሪያው ጠረጴዛ ነርሷ የልጁን ጣት ወግታ ደሙን ትመረምራለች፤ የደሙን ዓይነት ፊደል በአንድ ካርድ ጀርባ ጽፋ ለልጁ ትሰጠዋለች። ልጁ ካርዱን ይዞ ለሁለተኛው ጠረጴዛ ይሰለፋል። እዚያ ያለው ሰው በካርዱ ላይ የተጻፈውን ፊደል አንብቦ፣ ልጁን ግራ እጁን አስነሥቶ፣ ፊደሉን ከብብቱ ሥር በመርፌ ይነቅሰዋል። ይህም የሩሲያ ቦምብ በወደቀብን ቀን ሐኪሞቻችን ደም ለመመርመር ጊዜ እንዳያባክኑ ነው። ሆስፒታላችንም በኮሚቴው ትእዛዝ ከትርዒቱ ጀምሮ ንቅሳቱን እንደ ምርመራ ውጤት ይቀበላል።

አንዲት እናት ነርሷን "ለምን ክንዷ ላይ አይሆንም? በመዋኛ ልብስ ይታይባታል እኮ" ብላ ስትጠይቃት ከኋላዋ ቆሜ ሰምቻለሁ። ነርሷ የልጅቷን ፀጉር እያሻሸች "ክንድ አይሆንም፣ የኔ እመቤት፤ ክንዱ በኋላ ላይገኝ ይችላል" አለቻት። እናቲቱ "አዎ፣ ልክ ነው" አለች። ከዚያ ስለ ፖም ኬክ ማውራት ጀመሩ።

አሁን ስለ ካርዱ። ካርዱን ያሳተመው መደብርዎ ነው። በአንዱ ገጽ የካውቦዩ ወይም የፈረሱ ሥዕል አለበት። በሌላው ገጽ ፊደሉ የሚጻፍበት አንድ ክብ አለ። የልጁ ስም የሚጻፍበት ቦታ ግን የለም፤ በዚያ ቦታ ላይ የሃርጊስ መደብር ፍሪጅ በስንት ወርኃዊ ክፍያ እንደሚገኝ ተጽፏል። ክቡር ሆይ፤ እኔ በወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠ ተማሪ ከእኔ ክፍል ይወጣል። እርስዎ ግን ዕድሜያቸው ገና አሥር ያልሞላ ልጆችን ስም የሌለው ሥዕል አስይዘው በፀሐይ አሰልፈዋል።

ልጆች ሥዕል ይዘው ሲሰለፉ ምን እንደሚያደርጉ ለማወቅ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት አያስፈልግም። በየትምህርት ቤቱ ግቢ ከማስቲካ ጋር የሚመጡትን ሥዕሎች ሲለዋወጡ የሚውሉ ናቸው። ፈረሱ ደግሞ ብርቅ ነበር። ስለዚህ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ገበያ ቆመ። ጠዋት አንድ ፈረስ በአንድ ካውቦይ ይለወጥ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ፈረሱ ሦስት ካውቦይ ገባ። በዚህ ዓመት በወረዳችን ከሥጋ ይበልጥ ዋጋው የተሰቀለው የብሌዝ ሥዕል ነው። ከሥዕሉ ጀርባ የሰው ደም መኖሩን ከሻጮቹም ከገዢዎቹም ያሰበ አልነበረም።

ይህን እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርዎ። የልጄ የዋረን ልጅ ሎይስ ስምንት ዓመቷ ነው፤ እንደ እኩዮቿ ሁሉ ቶንሲሏ ያስቸግራታል፣ ቀዶ ጥገናውም የፊታችን ሐሙስ ነው። ለቀጠሮ ስትሄድ የሆስፒታሉ ነርስ ሸሚዟን ከፍ አድርጋ ፊደሉን አንብባ "ኤ" ብላ መዘገበች። ዋረን በጦር ሠራዊቱ ጊዜ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለው የመታወቂያ ብረት ኦ ይላል። ሚስቱ ናዲን ደም ስትለግስ የተሰጣት ወረቀትም ኦ ይላል። ሁለት ኦ የሆኑ ወላጆች ኤ የሆነች ልጅ አይወልዱም። ይህ አስተያየት አይደለም፤ ውሃ ቁልቁል እንደሚፈስ ያለ ነገር ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የጉሮሮዋ ደም አልቆምም ቢልና የኤ ደም ቢሰጧት፣ በሰውነቷ ውስጥ ያለው ደም የመጣውን ደም እንደ ጠላት ይዋጋዋል፣ ኩላሊቷ ይዘጋል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ከሐኪምዎ ይጠይቁ።

ሎይስን አስቀምጬ ጠየቅኋት። ለምን እንደተነቀሰች ስጠይቃት "ሁሉም ተሰልፎ ነበር፣ አያቴ። እኔም ተሰለፍኩ" አለችኝ። ካርዱን እንድታሳየኝ ስነግራት ከትራሷ ሥር አወጣችው። ፈረሱ ነው።

"ነርሷ የሰጠችሽ ይሄ ነው?"

"አይ፣ እሷ የሰጠችኝ ክሊንትን ነበር። ፈረሱ የሮቤርታ ነው። ክሊንትንና ሁለት ማስቲካ ሰጥቻት ለወጠችኝ።" ፊቴን አይታ "ማስቲካው አልተነካም ነበር" አለች፤ በንግዱ ያጭበረበረች መስሎኝ የተቆጣሁ መስሏት ነው።

ሮቤርታ ስቲልዌል የጎረቤታችን ልጅ ናት። እሷ አሁን ኦ ተብላ ተነቅሳለች፤ ቦምቡ በወደቀ ቀን ከእርሷ ደም ቀድታችሁ ለማንም ትሰጣላችሁ ማለት ነው፤ የኦ ደም ለሁሉ ይሆናልና። ደሟ ግን ኤ ነው። በዚህ መንገድ አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ያለ አንዳች ክፉ ሐሳብ ስንት ሰው ልትገድል እንደምትችል አስልቼ ነበር፤ ስሌቱን እዚህ አላሰፍረውም።

አራተኛ፤ ስለ ኮሚቴው መልስ። በመደብርዎ ጓሮ በፍሪጆቹ መካከል ስብሰባ ስለፈቀዱልኝ፣ ወንበርም ስላቀረቡልን አመሰግናለሁ። እኔ ስለ ሁለት ኦ ወላጆች ስናገር ናዲን ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። እርስዎ በትዕግሥት አዳመጡኝና "መርፌው አልተሳሳተም ይሆናል፣ ሚስተር ኪሊንግ። አንዳንዴ ስሕተቱ የሚሠራው ልጁ ከመወለዱ ዘጠኝ ወር ቀደም ብሎ ነው" አሉ። የኮሚቴው አባላት ሳቁ። ናዲን ጓንቷን አወለቀችና መልሳ አጠለቀች። በማግሥቱ ዶክተር ሃልቨርሰን የሎይስን ደም በራሱ እጅ መርምሮ ኦ መሆኑን በጽሑፍ ሲያረጋግጥ፣ ያ ቀልድ ወደ መጣበት ይመለሳል ብዬ ጠብቄ ነበር። ናዲን ግን አሁንም ወደ ሥጋ ሻጩ ሱቅ ስትገባ ሰዎች ወሬያቸውን ያቋርጣሉ።

የዶክተሩን ወረቀት ሳመጣልዎ "እሺ፣ አንዲት ልጅ ናት። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ አንዲት ልጅ" አሉኝ። ፈረሱ በምን ያህል መጠን እንደታተመ ጠየቅሁዎ። "ከአሥር አንዱን ነው። ልጆቹ እንዲፈላለጉት ብለን እኮ ነው" አሉኝ፤ በሥራዎ እንደሚኮራ ሰው ነበር የነገሩኝ። የተነቀሱት ልጆች ሁሉ እንደገና እንዲመረመሩ በጋዜጣ እንዲያስነግሩ ስለምንዎ፣ ሕዝብን ማስደንገጥ ጠላትን ማገዝ መሆኑን አስረዱኝ። ከዚያም እስክሪብቶዎን እያሽከረከሩ በዝግታ "ለመሆኑ፣ ሚስተር ኪሊንግ፣ መምህራን ኮሚኒስት አለመሆናቸውን የሚያረጋግጡበትን የታማኝነት መሐላ ፈርመዋል?" አሉኝ።

ፈርሜአለሁ፣ ክቡር ሆይ። ከእርስዎ ጥያቄ በኋላ ግን የትምህርት ቤቱ ቦርድ ማክሰኞ እንድቀርብ ጠርቶኛል፤ ጉዳዩ ምን እንደሆነ በጥሪው ላይ አልተገለጸም። ባልደረቦቼ ወደ መምህራን ክፍል ስገባ ስለ ቤዝቦል ማውራት ጀምረዋል። አንዱ ብቻ ኮሪደር ላይ ጠጋ ብሎ "አምብሮስ፣ ልጅቷ ከአደጋው ተርፋለች፤ ተወው በቃ" አለኝ።

አምስተኛ ብዬ ልጽፍ የነበረው ስለ መኪና ማቆሚያው ነበር። ትቼዋለሁ።

ሰኞ መርፌው ወደ ትምህርት ቤቶቻችን እንደሚገባና ለዚሁም አዲስ ካርድ መታተሙን ሰምቻለሁ። በአዲሱ ካርድ የካውቦዩ ውሻ መጨመሩን ተማሪዎቼ በደስታ ነግረውኛል። ለስም የሚሆን ቦታ ተጨምሮ እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ የተጨመረው የቴሌቪዥኑ ዋጋ እንደሆነ ነገሩኝ።

ኮሚቴው ማስታወቂያውን ስላላወጣ፣ ሥራ በዝቶበት ይሆናል ብዬ፣ እኔ በትሕትና አወጣለታለሁ። ይህን የምታነቡ ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ በትርዒቱ ነጭ ድንኳን አልፎ ከሆነ፣ ከብብቱ ሥር ያለው ፊደል የእርሱ መሆኑን ማንም አያውቅም፤ ሊቀ መንበሩም አያውቁም። ካርዱ ተለውጦ እንደሆነ ልጁን ጠይቁት፤ ግን አትቆጡት። ካልተቆጣችሁት ይነግራችኋል። ዶክተር ሃልቨርሰን በየጠዋቱ ያለ ክፍያ ይመረምራል። ሰኞ ደግሞ ልጃችሁን ቤት አስቀሩት። ሎይስ ሐሙስ ወደ ቀዶ ጥገናው የምትገባው በንቅሳቱ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ፣ በፕላስተሩ ላይ ዶክተሩ ትልቅ ኦ ጽፎበት ነው። ፕላስተሩ በላብ ቢላቀቅ ለሐኪሞቹ እንድትናገር እናቷ በር ላይ ትቆማለች። ከፕላስተሩ ሥር ያለው ግን ከእርሷ ጋር ያረጃል፤ ስታገባም፣ ስትወልድም፣ ሕሊናዋን ስታ ማንም በማያውቃት ከተማ ሆስፒታል ስትገባም እዚያው ይጠብቃታል።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ፍሪጆችዎ፣ ስለ ካውቦዩና በተለይ ስለ ፈረሱ ያለኝን ጥልቅ ምስጋና ደግሜ እየገለጽሁ፣ ለክቡርነትዎ የሚገባውን አክብሮት ሁሉ ሳላጎድል ባርኔጣዬን አንሥቼ እሰናበታለሁ።

አምብሮስ ኪሊንግ
እስከ ማክሰኞ ድረስ የኬሚስትሪ መምህር

ማስታወሻ፤ ልጄ ዋረን ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አያወራም። ሎይስ ከትርዒቱ ስትመለስ ግራ እጇን አንሥታ በኩራት ስታሳየው ግን ወደ ግቢ ወጣ፤ ሣር ማጨጃውን አውጥቶ በጠዋት ያጨደውን ሣር እንደገና አጨደ። ምክንያቱን የነገረኝ ትናንት ነው። ጦርነቱ ያለቀ ሰሞን በጀርመን፣ ባቫሪያ ውስጥ በምርኮኞች ሰፈር ዘብ ነበር። ሥራው ጀርመኖቹን ሸሚዝ አስወልቆ ግራ እጃቸውን ማስነሣት ነበር። ለጭፍጨፋው የሚፈለጉት የናዚ ልዩ ጦር አባላት ከብብታቸው ሥር የደማቸው ዓይነት ፊደል ተነቅሶባቸዋል፤ የሚለዩትም በእርሱ ነው። ከእነርሱ አንዱን ይህን ለምን እንዳስደረገ በአስተርጓሚ ጠይቆት ነበር። ሰውየው ጥያቄው እንግዳ ሆኖበት ጥቂት አሰበና መለሰ አሉ፦ "ሁሉም ተሰልፎ ነበር። እኔም ተሰለፍኩ።"