የአባዬ ቅልጥም

ጥቅምት 4፣ ጠዋት
ፋሻ ቀየርኩ። የአባዬ ቅልጥም እንደገና አመርቅዟል። ያው የድሮው ቦታ። አምና ሲጠግግ ዶሮ ታርዶ ነበር። አባዬ፣ የጦር ሰፈሩ ድሬሰር፣ በቁስል አጣቢነት ስንቱን ያዳኑ ሰውዬ፣ የራሳቸው ሲሆን ላዩን አይተው ድኛለሁ ይላሉ። ተናደድኩ። ወዲያው ደግሞ ወይን ጠጁ መድኃኒት ውሃውን ሲያቀልመው ወደ ሰባት ዓመቴ ተመለስኩ። የካምፑ ክሊኒክ፣ አባዬ ቁስል ያጥባሉ። ሳህን ይዤ ቆሜያለሁ። ነርስ የሆንኩት ለዚያ ቀለም ይመስለኛል። እንዴት እንደናፈቀኝ።

ጥቅምት 6፣ ከሰዓት
ራጅ ታየ። ዶ/ሩ ያሉኝን ላንቺም ልንገርሽ፣ ማስታወሻዬ። አጥንቱ ውስጥ የሞተ ስባሪ አለ። ደም አይደርሰውም፤ ስለዚህ መድኃኒቱም አይደርሰውም። መግሉ ሥጋውን ሰርስሮ ይወጣል፤ ቆዳው ሲዘጋበት እዚያው ይጠራቀማል። ስባሪው ወጥቶ ጉድጓዱ በባታቸው ጡንቻ መሞላት አለበት፤ ደም ያለው ሥጋ አጥንቱን ይመግበዋል። ቀዶ ሕክምናው ሐዋሳ ነው የሚሠራው። ከዘገየ እግሩ ይቆረጣል።
እኔስ ይህን ሁሉ ጊዜ ቆዳ ነው ሳክም የኖርኩት?
አባዬ እምቢ አሉ። ሊጠግግ ነው፣ አንድ ሳምንት ጠብቂ አሉኝ።

ጥቅምት 9
ኦቦ ጉዮ ከዱብሉቅ መጡ፤ የአባዬ የጥንት በሽተኛ፣ አሁን ወዳጃቸው። ሰላምታው ረዘመ፤ አካም፣ ናጋ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ። ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ ኦሮምኛ። ቤቱ እንደ ድሮው ሞቀ።
ራጁን ሲሰሙ ሽርጣቸውን ገለጥ አድርገው እግራቸው ላይ ያለውን ጎድጓዳ ጠባሳ አሳዩን። አውቀዋለሁ። አባዬ ከዚያ እግር የአጥንት ስባሪ በመቆንጠጫ ሲያወጡ ሳህኑን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ ቆዳው ቀድሞ እንዳይገጥም በየቀኑ ፋሻ ይወትፉበት ነበር። የኦቦ ጉዮ ሚስት ለምን አይዘጋም እያለች ትቆጣለች። አባዬ፣ መጀመሪያ ከሥር ይሙላ ይሏታል።
ኦቦ ጉዮ ወደ አባዬ ዞሩ። "ድሬሰር፣ ያን ጊዜ የኔን ዘጋኸው?"
አባዬ ራጁን አንስተው ወደ መስኮቱ ሄዱ።

ጥቅምት 10፣ ጠዋት
ፋሻ ልቀይር ስል አባዬ እጄን ያዙኝ። አታጥብቂው፣ መንገድ ላይ ይፍሰስ አሉ። መንገድ ያሉት የሐዋሳውን መሆኑ ቆይቶ ነው የገባኝ።
የቆርቆሮ ሣጥናቸው በሩ አጠገብ ተቀምጧል። መቀስ፣ መቆንጠጫ፣ ያቺ ሳህን። ሐኪሞቹ ዕቃ ካነሳቸው ብለው ነው። አልሳቅሁም። ነገ በመጀመሪያው መኪና እንሄዳለን።
ሳህኗን እኔ እይዛለሁ።