ድንጋይ ተሸክመው የሰሙት ካሴት

ልጄ ደብሬ፣ አፈሩ ይቅለልሽ።

ከተለየሽኝ ወዲህ ሁለተኛው ማሽላ ታጨደ። ይህን የምትጽፍልኝ ጦይባ ናት፤ የሙዚቃ ባንዳችሁ ውስጥ ጊታር የምትመታው ጓደኛሽ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቃሌን ግን ማንም አያርመውም። እንዳልኩት ጻፊው ብያታለሁ።

ቤት ደህና ነው። ጥቁሯ ላም ወልዳለች። እናትሽ አሁንም ልብስሽን ለሰው አትሰጥም።

ወፍጮ ቤቱ መጋዘን ውስጥ አራት ሴቶች ተዘግታችሁ ያን ካሴት ስትቀዱ መጥቼ አልነበር? ፓንክ የሚባል የፈረንጅ ሙዚቃ ነው አላችሁኝ። እኔ ጅብ የገባበት በረት መሰለኝ። «አባዬ፣ እንዴት ነው?» ብትይኝ «የታመመ ጀነሬተር» አልኩሽ፤ በሳቅ ፈረስሽ። ደግሞ ያን ላግባት ብሎ ሽማግሌ የላከብሽን የባለ አይሱዙውን ልጅ በስሙ ጠርተሽ «አላገባህም!» እያልሽ ከበሮውን ስትደበድቢው ጸጉሬ ቆመ። ወንድ ልጅ ብወልድ ከዚህ በላይ አይፎክርልኝም።

ካሴቱ ቆቦ ገበያ ወጣ። ልጁ ተዋረድኩ ብሎ ከነግብረ አበሮቹ ጠለፈሽ። ከሚበረው መኪና ላይ ዘለልሽ፤ በዚያው ቀረሽ። የልጁ አባት «ራሷ ናት የዘለለችው» ይላል። አዎ፣ ዘለልሽ። ማን ጫነሽ?

ልጁ ታስሮ ወጥቷል። ሮቢት ከተማ ሚስት ሊያጭ ሽማግሌ ቢልክ፣ ልጅቱ ያንቺን ካሴት እስከ ጥግ ከፍታ በሩን ዘጋችባቸው። ጎብዬ ከተማም እንደዚያው ሆነ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሽሻለሁ።

ሰሞኑን አባትየው ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። እያንዳንዳቸው ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ደጄ ላይ ተንበረከኩ። «ደም እናድርቅ» አሉኝ። ወጉን ታውቂዋለሽ፤ እርቅ ከወረደ በሟች ስም አይፎከርም፣ አይዘፈንም። ካሴቱ ዝም ይበልልን ማለታቸው ነው። ለካ ልጃቸውን ሊድሩ ነው የመጡት!

ድንጋይ የተሸከመ ሰው ደግሞ «አውርድ» ካልተባለ አይነሳም። ቴፑን አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት። የካሴቱን ፊቱንም ጀርባውንም በዚያ በቆቦ ፀሐይ አስደመጥኳቸው። አንዱ ሽማግሌ «ኧረ ወንድሜ፣ ስለ ፈጣሪ!» ቢለኝ «ቆይ፣ ልጄ ገና መናገሯ ነው» አልኩት። የልጁን ስም ስትጠሪ አባትየው ላቡ መሬት ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ካሴቱ ሲያልቅ «አውርዱና ወደ ቤታችሁ ግቡ። እርቅ የለም» አልኳቸው።

ዘመዶቻችን ክላሹን አንሳ ይሉኛል። ግድግዳው ላይ ይሰቀል። ጥይት አንዴ ጮሆ ያበቃል።

ደብሬ፣ እስካለሁ ድምፅሽን ማንም አያስዘጋኝም። ብሞትም ለጦይባ አደራ ሰጥቻለሁ፤ ይኸው በገዛ እጇ እየጻፈችው ነው፦ ያ ልጅ ሸምግሎም ቢሞት፣ በለቅሶው ቀን ድንኳኑ በር ላይ ካሴቱን ትከፍተዋለች።

አባትሽ