ያልጻፍኩት የልብስ ሰፊዋ ቃል

እሑድ፣ ሰኔ 12 ቀን፣ ከቀትር በኋላ። ሰማዩ ደመናማ፣ ዝናቡ ካፊያ። የተገኙት፦ ልብስ ሰፊዋ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ እና እኔ።

ልጄ፣ ሰላምታዬን በዚህ መጀመሬ አይግረምህ፤ እጄ ለምዶት ነው። እንዴት ነህ? ሳሉ ተወህ? እህል ይበላልሃል? አክስትህ እንቅልፍ አጥቷል ብላ ልካብኛለች። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

እሑድ እሑድ ልብስ ሰፊዋ ቤት ተሰብስበን የወንጀል ድራማ እናያለን። ባሏን መኪና ገጭቶ ካመለጠ ወዲህ ቤቱ ጭር ሲልባት ጎረቤት መጥራት ጀመረች። አልመጣም ማለት አልቻልኩም። ለምን ብትለኝ ምን እላታለሁ? ድራማው ሲያልቅ አስተያየት ሳይሰጥ የሚወጣ የለም። ተጽፎ ለቴሌቪዥኑ ሰዎች ይላካል፤ የተመረጠው በሳምንቱ ይነበባል። አንዴ የፀጉር አስተካካዩ ተነቦለት መንደሩን ደረቱን ነፍቶ ሲዞር፣ ጡረተኛው “አንገትህን አሞህ ነው ወይ?” ብለው አሳቁን።

ሥርዓቱን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ቀኑ ይጻፋል፣ የተገኘው ሰው ይጻፋል፣ የእያንዳንዱ ቃል ይጻፋል፤ ከዚያ ይነበብና ባለቤቱ “ቃሌ ነው” ብሎ ይፈርማል። የአየሩን ነገር የጨመርኩት እኔ ነኝ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ጽሕፈቱን ለእኔ ሰጡኝ፤ ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ፊደል ለቃቅማ ለተማረች ሴት! የእኔን አስተያየት ግን ማንም አይጠይቅም። ዝምተኛ ናት ብለው ትተውኛል።

የትናንቱ ክፍል ከባድ ነበር። አንድ ወጣት ሰው ገጭቶ ይሄዳል። የተገጨው ሰው ሲጣራ አድሮ ጎህ ሲቀድ ይሞታል። የልጁ እናት መኪናውን በገዛ እጇ አጥባ፣ መርማሪው ሲመጣ ልጄ ከቤት አልወጣም ብላ ትምልለታለች።

ፀጉር አስተካካዩ ቀድሞ ተነሣ። እናት ናት፣ ምን ታድርግ አለ። ይልቅ መርማሪው ነው ደንቆሮው፤ በዝናብ ወር መኪና የሚያጥብ ሰው አይቶ ዝም ይላል? ጡረተኛው ተቆጡ። በሐሰት መማል ወንጀል ነው፣ እናትነት ቅጣት ያቀልላት ይሆናል እንጂ ነጻ አያወጣትም አሉ። “ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የወለደችዎትንም ከማስፈረድ አይመለሱም” አላቸው ፀጉር አስተካካዩ። ተሳሳቁ።

ልብስ ሰፊዋ መጨረሻ ላይ ተናገረች። በከንፈሯ የያዘቻቸውን መርፌዎች አንድ በአንድ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካች። እናቲቱ ላይ አልፈርድም አለች። “የኔ ሰው እንደዚህኛው ሲጣራ አላደረም። በአንዴ ነው ያለፈው ብለውኛል። እስከ ዛሬ ያቆመኝም እሱ ነው።”

ልጄ፣ የፊተኛውን ጻፍኩ። “በአንዴ ነው ያለፈው” የሚለው ላይ ስደርስ እጄ እንቢ አለኝ። መታጠፊያው ላይ ከመኪናህ ስትወርድ ባሏ ሱሪህን ይዞ “ወንድሜ፣ አንሣኝ” እንዳለህ፣ ጣቶቹን አላቅቀህ እንደሄድክ፣ እግሬ ሥር ተንበርክከህ የነገርከኝ አንተ ነህ። ያንን ሱሪ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

የሁሉንም አነበብኩላቸው። የእሷን ስጨርስ፣ በአንዴ ነው ያለፈው ያልኩት የት ሄደ አለችኝ። ረስቼው ነው አልኩ። እንግዲያው ጨምሪው አለች። እስክሪብቶው ቀለም ጨረሰ አልኩ። ፀጉር አስተካካዩ የራሱን ከደረት ኪሱ መዝዞ ሰጠኝ። ያዝኩት፤ አልጻፍኩም። ጡረተኛው ምነው፣ አመመሽ እንዴ አሉኝ። ልብስ ሰፊዋ ግን ልጅሽ ከሄደ ስንት ጊዜው ነው ስትል ጠየቀችኝ። ሦስት ወሩ አልኳት።

“የኔም ሰው ሦስት ወሩ” አለች።

ማንም ሳይፈርም ተበተንን።

ዛሬ ሰኞ ጠዋት ያደረግሁትን ደግሞ ከሌላ ሰው ሳትሰማ ልንገርህ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ሥራ ቦታ ሄጄ ዛሬ አልገባም አልኳቸው። ተመልሼ የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኳሁ። ጫማዋን ሳይቀር አድርጋ ነበር የከፈተችልኝ፤ የተኛችም አትመስልም። የነገርከኝን ሁሉ ነገርኳት፤ የሱሪውንም። አልጮኸችም። “ወንድሜ ነው ያለው?” ብላ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት። ጃንጥላዋን አነሣች። ያለው አንድ ስለነበር ለሁለት ያዝነው። እስከ ትልቁ መንገድ ሄድን። ፖሊስ ጣቢያ የመርማሪው ቢሮ እስኪከፈት አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሲጠሩኝ ገባሁ። የአክስትህን የቤት ቁጥር ስለማላውቀው፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ያለው አረንጓዴ በር አልኳቸው።

ይህን ወደዚያ ለሚሄደው የአውቶቡስ ሾፌር እሰጠዋለሁ። እሱ ይቅደም እነሱ ይቅደሙ አላውቅም። ብቻ አክስትህን አታስዋሻት።

ፈጣሪ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ አንደበትህን ይፍታልህ። በምትሆንበት ሁሉ ስንቅህን ይዤ እመጣለሁ።

እናትህ