ስለ ተወሰደው ድምፄና ስለ ሰማያዊው ቀሚሴ

ለክቡር ኦባዲያ ፔልሃም፣
የኒው ጀርሲ ምክር ቤት አባልና የከተማችን ምርጫ ተቆጣጣሪ፤

እጅግ የተከበሩ ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን አለ? ማክሰኞ ዕለት ከምርጫው ጠረጴዛ ሲመልሱኝ ጉንፋን ይዞዎት ደጋግመው ሲያስነጥሱ፣ አፍንጫዎንም በእጅጌዎ ሲጠርጉ አይቼ አዝኛለሁ። «ይማርዎ» ልል ነበር፤ ይህም ለወንዶች ብቻ የተፈቀደ ይሆን ብዬ ትቼው ወጣሁ። እኔ ከወገብ ሕመሜ በቀር ደኅና ነኝ፤ ደክሞኛል እንጂ።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት ላመሰግንዎ ነው።

አንደኛ፣ ማን እንደሆንሁ ስላስታወቁኝ አመሰግናለሁ። ከእንግሊዝ ንጉሥ በተለየንበት ዓመት የወጣው ሕገ መንግሥታችን፣ ለአካለ መጠን የደረሰና በቂ ንብረት ያለው ነዋሪ ሁሉ ይምረጥ ይላል። ባሌ አብነር «ያልመከርንበትን ግብር አንከፍልም» ብሎ ዘምቶ ሲሞት እርሻው በስሜ ዞረ፤ እኔም ከአሥር ዓመት በላይ በየጥቅምቱ ጥሩውን ባርኔጣዬን አድርጌ ስመርጥ ኖርሁ። እርስዎና ባልደረቦችዎ ግን አምና በኅዳር ባወጣችሁት አዋጅ፣ መራጩ ነጭ ወንድ ብቻ መሆኑን አብራራችሁልን። ግብር ሰብሳቢው ይህን ገና አልሰማም መሰለኝ፤ ባለፈው ሳምንት ደጄን አንኳኩቶ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ሠረገላዎ አመሰግናለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ለምክር ቤት ሲወዳደሩ፣ ጭቃው እንዳይነካኝ ሠረገላዎን እስከ ደጄ አምጥተው፣ በእጅዎ ደግፈው አሳፍረውኝ፣ «ወይዘሮ ቫን ሆርን፣ ይህች ሪፐብሊክ ያለ እርስዎ ምን ይውጣት ነበር?» ብለውኛል። በአሥራ አንድ ድምፅ አሸነፉ። በዚያ ሠረገላ ተመላልሰን የመረጥንዎ መበለቶች አሥራ አራት ነበርን። ዘንድሮ በጎረቤቴ ጋሪ ስለ መጣሁ አላወቁኝ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ጎረቤቴ ያልሁት ፕራይመስ ዲን ነው፤ ነፃ ጥቁር ሰው፣ በርሜል ሠሪ፣ ከባሌ ጋር ዘምቶ በገዛ እጁ የቀበረው። እሱንም ከእኔ ቀጥሎ መለሱት። ወደ ቤት ስንመለስ «እኛ ምን አጠፋን?» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። አፍሬ አለቀስሁ።

ምክንያቱንስ እርስዎ ነግረውኛል። አምና በበረዶው ወራት፣ የፍርድ ቤቱ ሕንፃ በየትኛው ከተማ ይሠራ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ ወንዶች በሱሪ መርጠው ከወጡ በኋላ ቀሚስ ለብሰው፣ ፊታቸውን በሻሽ ሸፍነው ዳግመኛ መረጡ። «ቀሚስ የለበሰውን ሁሉ ማመን አልቻልንም፤ ስለዚህ ሴቶቹን ማስቀረት ግድ ሆነ» አሉኝ፤ ካሉኝም በኋላ አስነጠሱ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ያጭበረበሩት ወንዶች ማክሰኞ ዕለት በሱሪያቸው ከፊቴ ተሰልፈው መረጡ። ቀሚሳችን የተሰረቀብን እኛ ግን ተመለስን።

አራተኛም ነበረኝ፤ ይቅር። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ድምፄን መልሱልኝ። ለፕራይመስም እንዲሁ። ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ ይህን በሙሉ ጉሮሮዎ እንዲያነብቡልኝ፣ ጉንፋንዎም እስከዚያ እንዲለቅዎ እጸልያለሁ።

በአዋጅዎ ከመራጭነት ያረፍሁ፣ ከእርሻዬ ግን የማልነቃነቅ፣ ከአሥራ አራቱ መበለቶች አንዷ፣ ሁልጊዜም ውለታዎን የማልረሳ፣

ኬዚያ ቫን ሆርን
ጥቅምት 1808

ማስታወሻ፦ በዚያ በፍርድ ቤቱ ሕንፃ ምርጫ ዋዜማ ከልብስ ማስጫ ገመዴ ላይ የጠፋው ሰማያዊ ቀሚሴ፣ በምርጫው ማግስት ወገቡ ተተርትሮ አጥሬ ላይ ተጥሎ ተገኝቷል። ከኪሱ ያገኘሁትን፣ የስምዎ ፊደላት የተጠለፉበትን መሐረብ አጥቤና ተኩሼ ልኬልዎታለሁ። በእጅጌዎ ከሚጠርጉ ይሻላል።