የተጣበቀው ቅጠል

ትርሲትዬ፣

ዛሬ ቁርስ ላይ በሶያ ሶስ የተዘፈዘፈ ቅጠል ቀረበ። አንዱ ካንዱ ተጣብቆ በቾፕስቲክ መለየት አቃተኝ። ሁለት ዓመት ኮሪያ፣ ቴጉ ከተማ ኖሬ፣ በዚህ ገበታ ዛሬም እንግዳ ነኝ ብዬ ስጨነቅ፣ አከራዬ ወይዘሮ ኦክሱን ወሬያቸውን ሳያቋርጡ የላይኛው እንዲላቀቅልኝ የታችኛውን ቅጠል በቾፕስቲካቸው ያዙልኝ።

ባላቸው አኮረፉ። «ለእኔ አንድ ቀን ይዘሽልኝ ታውቂያለሽ?»

«አንተ እጅ የለህም? ይሄ ልጅ እንደ መጽሐፍ ሲገልጠው ሾርባው ቀዘቀዘ።»

«እንግዲያው ሳህኑን እሱ ያጥባላ።»

እናትሽ ቢሆኑ ጠቅልለው ያጎርሱኝ ነበር። እዚህ ሲረዱሽ ቀና ብለው እንኳ አያዩሽም። ግን እስከ ዛሬ «እንግዳ አያጥብም» እያሉ ሳህን አስነክተውኝ አያውቁም ነበር።

ፖስት ካርዱ ሞላ። እናትሽን ሳሚልኝ፣ ታናሽሽንም። ቀለሙ የተዝረከረከው እጄ ገና ስላልደረቀ ነው።

ልዑልሰገድ