በማንጎ ቢራ ላይ የመረቅሁት ምርቃት

ለእህቴ ለወይዘሮ አትጠገብ፣ ጎሬ።

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን የሚቆረጥምሽ ነገር እንዴት ሆነልሽ? ያ የማያባራ ዝናባችሁ ዘንድሮስ ፋታ ሰጣችሁ? ልጅሽ፣ ከብትሽ፣ ጎረቤትሽ ሁሉ ደህና ናቸው? በሰባ ሰባቱ ድርቅ ለሰፈራ ከተሳፈርሽ ወዲህ ዓይንሽን ባላይም ድምፅሽ ከጆሮዬ አልወጣም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ገብቼ የዓይኔን ሞራ ከገፈፉልኝ ወዲህ የዝንብ እግር እለያለሁ።

ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ ጀማሉዲን ነው፤ ልብስ ሰፊ ነው። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይ። ስልኩ የልጄ የይስማው ነው። ስናገር አጠገቤ ተቀምጦ ይሰማል፤ አንዳንዴም ሳልጨርስ እሱ ይመልስልኛል።

ያለሁት ኮምቦልቻ፣ እሱ ቤት ነው። ዓይንዎ እስኪድን ብሎ ከሆስፒታል አውጥቶ፣ ደሴን በመኪና መስኮት አሳይቶ ወደዚህ ቆላ አወረደኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት ወጣ። እውነቱን ልናገር፣ አልበደለኝም። ምራቴ ሰርካዲስ እግሬን ታጥባለች፣ የሚበላ ትመርጥልኛለች። ግን በሩ ብረት ነው። ወደ ደጅ ስል፣ አባባ የት ሊሄዱ ነው የሚል አይጠፋም። ኩታበር ቤቴ ልግባ ስል፣ ማን ውሃ ያቀብልዎታል ይሉኛል። እጅ የለኝም ወይ? እርፍ ስጨብጥ እንጂ እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ ማን አይቶኝ ያውቃል? ከጠላት ቤት ተጣልቶ ይወጣል፤ ከልጅ ቤት በምን ይወጣል?

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። ይስማው ቢራ ፋብሪካ ይሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ። ከዚያ ወጥቶ በጓሮው በብረት ጋን የራሱን ቢራ ይጠምቃል፤ አይ ፒ ኤ ይለዋል። ከገብስ ነው፤ የፈረንጅ ጌሾ ይገባበታል። እሱ አነሰና ማንጎ ይጨምርበታል፣ ኮረሪማ ይጨምርበታል፣ ጤና አዳም ሳይቀር። እናታችን ብታይ ጋኑን በድንጋይ ትለው ነበር።

በጥቅምት ማብቂያ አንድ እሑድ ጎረቤቱንና ነጋዴውን ጠርቶ ይህን ቢራ አስቀመሰ። አባባ፣ ቀምሰው ይመርቁልኝ አለኝ። ጥሩ ቀን አገኘሁ አልሁ በልቤ። ተነሥቼ፣ ልጄ፣ ኩታበር የእኩል አራሽ የዘራልኝ ገብስ ሳይታጨድ አገሬ ስደደኝ ልለው ቆረጥሁ። በሰው ፊት የተናገረ አባቱን የትኛው ልጅ እንቢ ይላል?

እንደ ወጉ መጀመሪያ ራሱ ቀመሰና ሰጠኝ። ቢራው እንዳልተጣራ ጠላ ድፍርስ ነው፤ ቢጫ። ሽታው ማንጎ ነው። አፍ ሲገባም የፍሬ ጭማቂ ነው፣ ጉንጭ ይሞላል፤ ከኋላው ምሬቱ መጥቶ ምላስን ይይዛል፣ ኮረሪማው ጉሮሮ ላይ ይሞቃል። ውሸት አልወድም፤ ይጣፍጣል። ይህን ሲጽፍ ጀማሉዲን ፊቱን ያዞራል፤ ሽታው ከወረቀቱ የሚወጣ ይመስል። ይስማው ጠጋ ብሎ፣ ቀስ ብለው አባባ፣ ይህ ኃይለኛ ነው አለኝ። ያናደደኝ ይኸ ነው። በየሠርጉ ጠላ በዋንጫ ስገለብጥ የኖርሁ ሰው በማንጎ ጭማቂ ቀስ በል ልባል? ጨለጥሁት። ድገም አልሁ። አግማስ የሚባል ሹፌር፣ ይስማው አባትህ ጋኑንም ሳይውጡት ደብቀው አለ። ሰው ሳቀ። ሦስተኛውንም አስቀዳሁ።

ከዚያ ተነሣሁ። አገሬ ስደደኝ ልል ነበር፤ አፌ ግን በራሱ መንገድ ሄደ። እጅህ ይባረክ፣ ጋንህ አይጉደል አልሁ፤ አሜን አሉ። የኩታበሩ ገብሴ ከዚህ ጋን ይግባ አልሁ፤ አሜን አሉ። በመሬቱ አንተ እዘዝበት፣ እኔም ዕድሜዬን ከደጅህ አልለይ አልሁ። አሜን ሲሉ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ይስማው ጉልበቴን ስሞ አለቀሰ። ሰክሬ ነው አልልም፤ እግሬ ግን ወንበሩን ፈልጎ አጣው።

በሳምንቱ ኩታበር ወጥቶ ገብሱን አሳጨደ። ቤቴን የገብስ ማከማቻ አደረገው፤ አልጋዬን ጭኖ እዚህ አመጣልኝ። ተደስቶ ነው፣ ተንኮል የለበትም። እኔ ምን ልበል? ሽማግሌ መርቆ፣ ሰው አሜን ብሎ፣ ምርቃቱን የሚያጥፍ ከሆነ ነገ ከአፌ ምርቃት የሚቀበል ማን ነው? የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላሉ። የእኔ የወለድሁትም አልጠፋ፣ የተናገርሁትም አልጠፋ፤ ሁለቱ ተጋግዘው ይዘውኛል። ጀማሉዲን አብሽሩ፣ አላህ መውጫ አያሳጣም ይለኛል።

እታለም፣ አባታችን በዚያ ክፉ ቀን ሊሞት ሲል ያለውን አብረን ሰምተናል። ታላቅ ነሽና፣ አትጠገብ አሜን ያላለችበት ነገር በመሬቴ ላይ አይጽና ብሎ ነው የሞተው። ይስማው ይህን አያውቅም። ያን እሑድ ያ ሁሉ ሰው አሜን ሲል ያንቺ አልነበረበትም። እኔ ቃሌን አላጥፍም። ልመናም እንዳይመስልሽ፤ ለምኜ አላውቅም። ለገና ሲደውልልሽ የመሬቱን ነገር ራሱ ይነግርሻል፤ ደስታ ሆዱ ውስጥ አያድርለትም። ያን ጊዜ አሜን ብትዪ እዚሁ እቀበራለሁ፣ አልቀየምሽም። የአባታችንን ቃል ነግረሽ አሜን አላልሁም ካልሽው ግን ገብሱን ከቤቴ ያወጣል፣ እኔንም ከነአልጋዬ ይመልሳል፤ የአያቱን ቃል የሚደፍር ልጅ አላሳደግሁም። እኔ እንደጻፍሁልሽ ግን አታንሺበት።

ለልጅሽ ለትህትና፣ ለባሏ፣ ስማቸውን በቅጡ ላልያዝሁት የልጅ ልጆችሽ፣ ደጅሽን ለሚረግጥ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረስ። ሰርካዲስና ልጆቿ ይስሙሻል ልል አልችልም፤ ይህን ደብዳቤ አያውቁትም። ጀማሉዲን ከነቤተሰቡ ሰላም ብሎሻል። መልስ አትጻፊልኝ። የይስማው ስልክ ሲጮህ ከተቀመጥሁበት እሰማዋለሁ።

ወንድምሽ ደምመላሽ
ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.